የጣት ዘበኛው ቀለበት

ጥቅምት 6

ውዴ፣

ደብዳቤሽን የጭነት መኪናችን ሾፌር ሰጠኝ። «እንደምን ሰነበትክ» እንኳ ሳትይ «ቀለበትህን የት አደረስከው?» ብለሽ ስለጀመርሽ፣ እኔም ሰላምታውን ወደ ታች አውርጄ ከመልሱ ልነሳ። አዎ፣ ሾፌሩ ያየው እውነት ነው። ጣውላ ሊያራግፍ በመጣ ዕለት ጣቴ ባዶ ነበር። የጨመረበትን ቅመም ግን አልቀበልም። «ከሴት ጋር ቆሞ ሲስቅ አገኘሁት» ያላት ሴት የምሳ ቤታችን ባለቤት ናት፣ እናቴን የምታክል። የምንስቀውም ሾፌሩ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ስላየነው ነው። ይህንን ነግሮሻል? አልነገረሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ እዚህ የእንጨት ሥራ ድርጅታችን ውስጥ አንዱ አናጢ እንጨት ወደ መጋዙ ሲገፋ መዳፉን ጫር አደረገው። ብዙ አልነበረም፤ ደሙ ግን ጠብ ጠብ ያለው እኔ እግር ስር ነው። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ልብስ ስትሰፊ መርፌ አንቺን ሲወጋሽ ወንበር ፍለጋ የምሮጠው እኔ ነኝ። ስነቃ ሰጋቱራው ላይ ተዘርሬያለሁ። የድርጅቱ ባለቤት ከላዬ ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ የሠራተኛውን እጅ የሚጠብቀው ይሄ ሰውዬ ነው! ደም ላለማየት ሲል የማንንም ጣት አያስነካም» ይላሉ። ሹመቴ ይኸው ነው። ሠራተኛው በዚያው ዕለት «የጣት ዘበኛ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ እስካሁን በዚሁ እየተጠራሁ ነው።

የመጀመሪያ ትእዛዜ ቀለበት አውልቆ ወደ ሥራ መግባት ሆነ። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ዘጠኝ ናቸው። ጋሼ ዘጠኝ የምንላቸው የአናጢዎቹ አንጋፋ ሲሆኑ፣ ስሙ የወጣላቸው ከጣታቸው ነው። ሰው ሁሉ የጎደለችውን ጣት መጋዝ የበላት ይመስለዋል። አይደለም። በወጣትነታቸው ከጭነት መኪና ላይ ዘለው ሲወርዱ ቀለበታቸውን መንጠቆ ያዘው። እሳቸው መሬት ደረሱ፣ ጣቲቱ አልደረሰችም። ይህን የሚያወሩት እየሳቁ ነው፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ ወንበር ፈለግሁ።

ከሥራ ስንወጣ ጋሼ ዘጠኝ በሩ ላይ ይቆማሉ። የሚወጣ ሁሉ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያቸውና «አስር!» ይላል። ያልዘረጋ አይወጣም። በመጨረሻ እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ዘጠኝ!» እንልላቸዋለን፤ ደስ እያላቸው በሩን ይቆልፋሉ።

እናም ቀለበቴ ቀን ቀን በር አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ፣ ከራሴ ምስማር ተንጠልጥሎ ይውላል። ካላመንሽኝ ይኸው፣ ቀለበቱን ራሱን በሾፌሩ ልኬልሻለሁ። እዪውና መልሺልኝ። እናቴን ሳሚልኝ። ሆድሽንም ዳበስ አድርጊልኝና ለውስጠኛው ሰው ንገሪልኝ፤ ከመወለዱ በፊት አስር ጣቴንና አንድ ቀለበቴን ይዤ ከች እላለሁ።

ባልሽ


ጥቅምት 14

ለጣት ዘበኛው፣

ከወገቤ ሕመምና አንተ ከምትልክልኝ ጉድ በቀር ደህና ነኝ።

«ቀለበቴን እዪው» ብለኸኝ አየሁት። የማነው? ያንተ እንኳን ለኔ አውራ ጣት ሊሰፋ፣ ለራስህ ጠቦህ በሳሙና አይደል ያስገባነው? ይሄኛው አውራ ጣቴ ላይ እንደ ጎማ ይዞራል። ውስጡ ደግሞ ልብ ተቀርጾበታል። የኛ ላይ ልብ የለም። እኔ ይቀረጽ ስል «ልቤማ አንቺው ጋ ነው፣ ሁለተኛ ምን ያደርጋል» ብለህ የሸነገልከኝን አልረሳሁም።

እናትህ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። እኔ ለቁጣ ስዘጋጅ እሳቸው ረጋ ብለው «አባቱም ሰው ቤት በሄደ ቁጥር የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ ነበር የሚመለሰው፤ አንድ ጊዜማ ሁለቱም የግራ ነበሩ» አሉኝ። ሳቄ መጣና ቁጣዬ ተበላሸብኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ልቆጣህ?

አንድ እውነት ግን ልንገርህ። ሾፌሩ «ባልሽ ቀለበት አላደረገም» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ጣቱስ አለ?» የሚል ነው። «አለ» አለኝ። የተቆጣሁት ጣትህ መኖሩን ካወቅሁ በኋላ ነው። መጋዝ ካለበት ቤት ስትገባ እኔ እዚህ ሆኜ ምን እንደማስብ አታውቅም። ጨርቅ ስቆርጥ መቀሱ ከረር ባለ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ለማንኛውም የዚህን ልብ ባለቤት ፈልግ። እሱም ቤቱ ውስጥ የምትጠይቀው ሴት ትኖረው ይሆናል።

ሚስትህ


ጥቅምት 22

የኔ እመቤት፣

ትኖረዋለች እንጂ! ለዚያውም በር ዘግታበታለች።

ቀለበቱ የቦክሰኛው ነው። ቦክሰኛው መሰርሰሪያው ላይ የሚሠራው ጠብደል ሰው ነው፤ ስሙ ከክንዱ የመጣ እንጂ ማንንም መትቶ አያውቅም። እኔ የሱን አንስቼ ስልክልሽ እሱ የኔን አንስቶ ኖሯል። ሌላው ጣቱ እምቢ ሲለው ትንሿ ጣቱ ላይ ጠምዶት ቤቱ ሄደ። ሚስቱ «ልቡስ? ልቡን ለማን ሰጥተህ መጣህ?» አለችው። ወዲያው በሩን ጠረቀመችበት፤ ጋሼ ዘጠኝ ሄደው ለምነው ነው ያስገቡት። እኔም ቀለበቴን ከትንሿ ጣቱ በሳሙና አስለቀቅሁ። ያ ቀለበት ያለ ሳሙና የሚሄድበት ጣት የለውም መሰለኝ።

እንዴት ተቀያየረ ላልሽው፣ ጥፋቱ የምስማር ነው። አንዱ አናጢ በር ሲገጥም ሁለት ምስማር አነሰው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ከቀለበት ሰሌዳው ላይ ነቀለና ቀለበቶቹን ጎን ካለው ምስማር ላይ አደራርቦ ሰቀላቸው። በማግስቱ ሌላውም እንዲሁ አደረገ። እስኪ አስቢው፣ አናጢ ቤት ውስጥ ምስማር ግድግዳ ላይ መትቶ ማንም አይነካውም ብሎ ማመን! ይህን ያመንኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጉድ ፈልቷል። ሁሉም ቀለበቱን መልሶ አጥልቋል። «ጣታችን ቢቀር ይሻላል፣ ሚስቶቻችንን አታውቃቸውም» ይሉኛል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ባለቤቱም «ካልተስማሙ ትእዛዙን ተወው» ብለውኛል። ሰሌዳውን ባየሁ ቁጥር ሆድ ይብሰኛል። ጋሼ ዘጠኝ ትናንት በሩ ላይ ቆመው እጅ ሲያዩ፣ ጣት ሳይሆን ቀለበት ነበር የሚያዩት።  አንቺ ብልሃት አታጪምና እስኪ አንድ ነገር በይኝ።

ባልሽ


ጥቅምት 29

ለኔው ዘበኛ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ወገቤም አደብ ገዝቷል።

ግድግዳ ላይ ያለ ነገር የማንም ነው። ደረት ላይ ያለ ነገር ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፍቼ ልኬልሃለሁ፤ ቱታቸው ውስጥ በግራ ደረት በኩል ይሰፋ። ቀለበቱ ገብቶ ቁልፉ ይቆለፋል፣ ከዚያ የሚነካው የለም። የእያንዳንዱ ክር ቀለም ለየብቻ ነው። የቦክሰኛው ቀይ ነው፤ ቀለበቱም ውስጡ አለ። ለሚስቱ «ልቡ ልቡ ላይ ተሰፍቷል» በልልኝ፤ ሴት ለሴት እንግባባለን።

ሾፌሩን «ለሁሉም ጓንት ትስፋልን» ብለህ የላክኸውን ሰምቻለሁ። ለሁሉም አልሰፋም። ሻካራ ጣውላ ተሸክመው ለሚያራግፉት ሰፍቻለሁ፣ ስንጥር እንዳይገባባቸው። መሰርሰሪያ ላይ ለሚሠራ ግን ጓንት ጠላቱ ነው። የሚዞር ነገር ጨርቅ ካገኘ አይለቅም፤ የስፌት መኪናዬን የሚያዞረው ቺንጋ ቀሚሴን የነከሰብኝ ጊዜ ትዝ አይልህም? ቀሚሱ ተቀደደልኝ እንጂ ጓንት ቢሆን ኖሮ እጄን ይዞ ይሄድ ነበር። እጅጌያቸውንም ሰብሰብ ያድርጉ።

እናትህም አግዘውኛል። አንዱን ከረጢት ቁልፉን በውስጥ በኩል ሰፍተውታል፤ ያ የሾፌሩ ይሁን፣ መቼም ሹራቡም ግልብጥ ነው። ጥቅሉን በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ፣ እሱ አፍንጫውን እንዳያስገባበት።

ሚስትህ


ኅዳር 7

ውዴ፣

ጽሕፈቴ ስለተንጋደደ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጠረጴዛው ይወዛወዛል።

የላክሽው ጥቅል ደርሶ በሰላም ተከፍቷል። ስለ አከፋፈቱ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ወደ ከረጢቶቹ ልለፍ።

መጀመሪያ ማንም እጁን አልዘረጋም። «ደግሞ እንደ ሕፃን ደረታችን ላይ ኪስ ሊሰፋልን ነው?» አሉ። በኋላ ቦክሰኛው ብድግ አለና ቀዩን አነሳ። ቱታውን አውልቆ፣ በዚያ ግዙፍ እጁ መርፌ ይዞ፣ ምላሱን ወጣ አድርጎ ሰፋው። ቀለበቱን አስገብቶ ቆለፈና ደረቱን መታ መታ አደረገ። እሱ ካደረገማ ማን ይቀራል? ተሻሙባቸው። አንዱ ገና ሚስት የሌለው እንኳ አረንጓዴውን ወስዶ «እስክትመጣ ቦታ ልያዝላት» ብሏል።

አሁን የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ማንም ክፉኛ ስላልተጎዳ አትደንግጪ። ትናንት ቦክሰኛው ወፍራም እንጨት ሲበሳ መሰርሰሪያው ያዘውና እንጨቱን ከእጁ ነጥቆ አሽከረከረው። እጁ መሃል ነበረ። ሞተሩ ጠፍቶ ስንሮጥ እጁን አውጥቶ ቆሟል። የቀለበት ጣቱ ቆዳ እስከ ጥፍሩ ድረስ ተልጧል። ተንሸራቶ ነው የወጣው፤ የሚያስይዝ ነገር አልነበረበትም። ቦክሰኛው መጀመሪያ ያየው ጣቱን አልነበረም፣ ደረቱን ነው የዳበሰው። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

መውጫ ላይ ጋሼ ዘጠኝ ያችን ጣት ይዘው ብዙ ቆዩ። ቦክሰኛው «አስር» ሲላቸው ሰምተው «ድገመው» አሉት። ደገመላቸው።  አንቺ ባትሰፊው ኖሮ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልሽ።

ደግሞ የኔን ከረጢት ጥቅሉ ውስጥ አጣሁት። ረስተሽኝ ነው?

ባልሽ


ኅዳር 15

ለሚወዛወዘው ጠረጴዛ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግርህ እንዴት ነው? የጣትህስ ፋሻ ተነሳልህ?

ሾፌሩ ከዚያ ቤት ምንም እንደማይደብቅልህ እስካሁን አለማወቅህ ይገርመኛል። ደጃፌ ላይ ቆሞ በእጁ እያሳየ ተረከልኝ። የጣት ዘበኛው ጥቅሉን ሊከፍት ካተር፣ ያንን ባለ ምላጭ መቁረጫ፣ አነሳ አሉ። ቋጠሮውን መፍታት እያለ፣ ስለቱን ወደ ራሱ አድርጎ ሲባጎውን ሳበው አሉ። አውራ ጣቱን ሸርከት አደረገና ደሙን አይቶ ከረጢቶቹ ላይ ተዘረረ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ በየተራው ውሃ ሲረጨው፣ ጋሼ ዘጠኝ እጁን አንስተው «አስር ነው፣ ይኑር» አሉ አሉ። እናትህ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግድግዳ ተደገፉ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ውስጠኛውም ሰው እየረገጠ አጀበኝ።

ሳቄን ስጨርስ ግን ከፋኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለህ ደበቅኸኝ? የቦክሰኛውን ጣት እስከ ጥፍሩ ጽፈህልኝ የራስህን በጠረጴዛ ታሳብባለህ። እኔ ያንተን ደህንነት የማውቀው ከደብዳቤህ ነው። ሌላ ምን አለኝ? አንዱ ቦታ ላይ «በሰላም ተከፈተ» ካልከኝ፣ ነገ «ደህና ነኝ» ስትል ምኑን ልመን? ትንሹን ከነገርከኝ ትልቁን እንደማትደብቀኝ አውቄ እተኛለሁ። ትንሹን ከደበቅኸኝ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ከረጢትህን አልረሳሁትም። ከልጁ ብርድ ልብስ በተረፈው ጨርቅ እየሰፋሁት ነው።

አሁንም የምወድህ፣ ግን የተቀየምኩህ ሚስትህ


ኅዳር 20

የኔ ውድ፣

እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ፣ እጅ ሰጥቻለሁ።

ጠረጴዛው አይወዛወዝም፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ እንደ አለት ነው። ካተሩን ወደ ራሴ የሳብኩት ያንቺን ጥቅል ለመክፈት ስለቸኮልኩ ነው። አውራ ጣቴ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ተሰንጥቋል፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ተሰፍቷል፣ አሁን ደርቋል። ከወደቅሁም በኋላ ስነሳ ፋሻውን አይቼ እንደገና ወድቄያለሁ፤ ይህችን ሾፌሩም አያውቃትም። ይኸው፣ ሁሉንም ነገርኩሽ።

የደበቅሁሽ አፍሬ ነው። ሰው ሁሉ «ዘበኛው» ሲለኝ፣ አንቺ ደግሞ እንዲያ ስትደክሚ፣ እኔው ራሴ መቆረጤ አንገቴን አስደፋኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም።

አሁን አውራ ጣቴ የድርጅቱ ማስተማሪያ ሆኗል። ካተር የሚያነሳውን ሁሉ ጣቴን አፍንጫው ስር እደቅንበትና «ስለቱ ወዴት ነው?» እለዋለሁ። «ወደ ውጭ፣ ዘበኛው!» ይለኛል። እንጨት ወደ መጋዙ የሚገፋበትን ዱላም፣ እስከዛሬ ሻይ ማማሰያ ያደረጉትን፣ ከማብሰያው አስመልሼ በገመድ ማሽኑ ላይ አስሬዋለሁ። ሻዩ አሁን በማንኪያ ይማሰላል።

ባለቤቱ ፈቃድ ሰጥተውኛል። የጀመርናቸው በሮች እንዳለቁ እነሳለሁ። ያንን ሰው እስክመጣ ድረስ አቆዪልኝ።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ ባልሽ


ኅዳር 27

አባቷ፣

ይህን የምጽፈው አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በጠረጴዛ አላሳብብም።

አላቆየኋትም፤ እሷም አልጠበቀችህ። ቀድማህ መጣች። ሁለታችንም ደህና ነን። ትንሹንም ልንገርህ ብያለሁና፣ ምጡ ረዘም ብሎብኝ ነበር፣ አንድ ጊዜም ፈርቼ ነበር። ትልቁ ግን ደህና መሆናችን ነው።

አዋላጇ ስታቀብለኝ ሰው ሁሉ «ማንን ትመስላለች?» ይላል። እኔ ፊቷን አላየሁም። የያዘችውን ጡጫ ፈልቅቄ እጇን ነው ያየሁት። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አስር። እናትህ አላመኑኝም፤ መነጽራቸውን አድርገው ደግመው ቆጠሩ።

ይቅርታህን ከትንሿ ሴትዮ ጋር እናይልሃለን። ከረጢትህ ይኸው። ክሩ ነጭ ነው። በሪባን አስሬዋለሁ፣ አንዱን ጫፍ በጣትህ ሳብ ብቻ አድርገው። ካተር እንዳታነሳ!

ና።

ሚስትህ


ኅዳር 30

የልጄ እናት፣

ሪባኑን ሳብኩት፣ ተፈታ። ማንም አልወደቀም።

የዛሬው መኪና በሮችና መስኮቶች ጢም ብለውበት ለሰው ቦታ የለውም። እኔ ነገ ጠዋት በሚነሳው እመጣለሁ፣ ይህ ደብዳቤ ይቀድመኛል። ልብሴን ሸክፌያለሁ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም፤ ቦክሰኛው አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ሲያለቅስ እንደነበር ግን ልንገርሽ፣ ትንሹን አልደብቅሽምና።

ዛሬ ስንወጣ ጋሼ ዘጠኝ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ነበሩ። ፊቴ ያሉት ሁሉ እየዘረጉ «አስር! አስር!» እያሉ ወጡ። ተራዬ ደረሰ። ሁለት እጄን ዘርግቼ «ሃያ!» አልኳቸው።

ሰልፉ ቀጥ አለ። ጋሼ ዘጠኝ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ ያንን ዘጠኝ ጣታቸውን በሁለት እጄ ላይ ጭነው ጭብጥ አደረጉት። «አሁን ገና ዘበኛ ሆንክ» አሉኝ።  ሠራተኛው ጩኸቱን ለቀቀው፤ የምሳ ቤታችን ባለቤት ምን ተቃጠለ ብላ እየሮጠች መጣች።

ቀለበቴን ከነጩ ከረጢት አውጥቼ በሳሙና አጥልቄዋለሁ። ቤት እስክገባ አይወልቅም። ልጅቷን ስታቀብይኝ ግን አወልቀዋለሁ፣ ገላዋን እንዳይጭርብኝ። ያን ጊዜ ጣቴን ባዶ ብታዪው ለሾፌሩ እንዳትነግሪው።

ባልሽና አባቷ